ልጆች እንዳይበተኑ፦ የልጆች የሙዚቃ ልምምድ ለሚመሩ ተለማማጅ አሰልጣኞች ዝርዝር መመሪያ

በመጀመሪያው ቅዳሜ 25 ልጆች ይመጣሉ። በሁለተኛው 16። በአራተኛው 7። ከዚያ ክራሮቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ አዳራሹም ለስብሰባ ይለቀቃል። ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከሞጣም የማገኛቸው ተለማማጆች የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።

ልጆቹ የሚቀሩት ሙዚቃ ስለማይወዱ አይደለም። ቁጭ ብለው ሲያዩ ስለሚውሉ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ክራር ይቃኛል፣ ተለማማጁ ችሎታውን ያሳያል፣ ልጁ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ተራው ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ ልጁ በር አልፎ በገባ በ5 ደቂቃ ውስጥ እጁ ወይም አፉ ድምፅ ማውጣት አለበት። እናንተ ብቻችሁን የምትጫወቱት በአንድ ጊዜ ከ1 ደቂቃ አይለፍ። መመሪያው ከ10 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ለ1 ሰዓት ተኩል ልምምድ፣ 16 ለሚሆን ቡድን የተዘጋጀ ነው። ከ20 በላይ ልጆች ከተመዘገቡ በሁለት ፈረቃ ክፈሏቸው።

ደረጃ 1፦ ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ በአካል ተገናኙ። ስልክ አይበቃም። እነዚህን ጠይቁ፦

- ከ1 ሰዓት ተኩሉ የእኔ ደቂቃዎች የትኞቹ ናቸው?
- ክራሮቹን ማን ይቃኛል? መቼ?
- ሰዓት ሲያልቅ ምልክታችን ምንድን ነው?
- እርስዎ ቢቀሩ ልምምዱን ልቀጥል ወይስ ልበትን?
- የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ነገር ይመስላል። ግን ቁልፉ ያለበት ሰው ለቅሶ ሄዶ 20 ልጅ በር ላይ ሲቆም አይቻለሁ። የጥበቃውን ስልክ ያዙ። ሁለተኛ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለም እወቁ። ሐሙስ ዕለት ደውላችሁ አረጋግጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዋናው አሰልጣኝ ልጆቹ ፊት ቢሳሳት እዚያው አታርሙት። ምቱ የተበላሸ ከመሰላችሁ ጠጋ ብላችሁ «ጋሼ፣ እኔ ልጨምርበት?» በሉ። ከፈቀደ ትክክለኛውን አጨብጭቡ። ካልፈቀደ ዝም በሉና ከልምምዱ በኋላ ለብቻው ንገሩት። ልጆች የሁለት አሰልጣኞችን ክርክር ካዩ አንዱን ብቻ መስማት ይጀምራሉ። እሱን መመለስ ወራት ይፈጃል።

ደረጃ 2፦ ቤተሰቡንና ቀኑን አስተካክሉ

*ቃሉን ምረጡ።* ማስታወቂያ ላይ «ስልጠና» ብላችሁ ከጻፋችሁ «አበል አለው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሰው የለመደው እንደዚያ ስለሆነ አትቀየሙ። «የልጆች የሙዚቃ ልምምድ፤ በነፃ፤ አበል የለውም» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ስለ ሻይም ቢሆን የማትችሉትን ቃል አትግቡ።

*ቤት ለቤት ሂዱ።* ቢያንስ የሴቶቹን ልጆች ቤተሰብ በአካል አግኙ። የሚጠብቃችሁ ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?» አትከራከሩ። ስለ አዝማሪ ክብርም ንግግር አታድርጉ፤ ቀኑ ሌላ ነው። እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ከ10 ሰዓት በፊት ቤት ትደርሳለች። በሩ ክፍት ነው፤ በፈለጉት ቅዳሜ መጥተው ይዩ።» እናት አንድ ጊዜ መጥታ ካየች ልጇን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ትልካለች።

ፈቃዱን በወረቀት ያዙ፦ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክ፣ ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሚመለስ። ፎቶና ቪዲዮ መቅረጽ ይፈቀድ እንደሆነ ለብቻው አስፈርሙ። ያልተፈቀደ ልጅ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከወጣ፣ ያ ልጅ ብቻ አይደለም የሚቀረው።

*ቀን ስትመርጡ* እነዚህን ተመልከቱ፦

- *ሁዳዴ።* በ55ቱ ቀን ብዙ ቤተሰብ ዘፈንና እስክስታ አይፈቅድም። ልምምዱን አታቋርጡት፤ ይዘቱን ቀይሩት። መቃኘት፣ የጆሮ ልምምድ፣ ዋሽንት አነፋፍ፣ ግጥም መደርደር ለዚህ ጊዜ ይሆናሉ።
- *ፈተና።* 8ኛ እና 12ኛ ክፍል ያሉት ከግንቦት ጀምሮ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። አታስገድዷቸው። «ፈተናው ሲያልቅ ቦታችሁ አለ» በሏቸው።
- *የገበያ ቀን።* ልጆች ዕቃ ይጠብቃሉ፣ ከብት ይነዳሉ። ከተማችሁ ቅዳሜ የሚገበይ ከሆነ እሑድ ከሰዓት አድርጉት።
- *ለቅሶ።* ጠዋት ላይ በሰፈሩ ለቅሶ እንዳለ ጠይቁ። ካለ ከበሮ አይመታም። ግጥምና ዝግ ያለ ዜማ ብቻ ሥሩ፤ ለልጆቹም ምክንያቱን ንገሯቸው።

ደረጃ 3፦ መሣሪያዎቹን ከ2 ቀን በፊት አዘጋጁ

አብዛኛው ልምምድ የሚበላሸው እዚህ ነው። ተለማማጅ በነበርኩበት የመጀመሪያ ቀን 6 ክራር ያልተቃኘ ይዤ ገባሁ። አንዱን ስቃኝ ሌላው ይወርዳል። 40 ደቂቃ ሄደ። ቀና ስል 9 ልጆች ወጥተዋል። አንዷ ልጅ ስትወጣ ወደኋላ ዞራ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅ ፊት ከ2 ደቂቃ በላይ ቃኝቼ አላውቅም።

*ሀ. ክራር*

1. ረቡዕ ወይም ሐሙስ አውታሮቹን በሙሉ አረጋግጡ። የሳሳ ወይም የተላጠ ካለ ያኔውኑ ቀይሩ። አዲስ ናይለን አውታር ይለጠጣል፤ ቢያንስ 2 ቀን ካልተወጠረ ድምፁን አይዝም። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አውታር አትግጠሙ።
2. ስልክ ላይ የመቃኛ አፕ አውርዱ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን።
3. ሁሉንም ክራር በአንድ ቅኝት (የአውታሮቹ ድምፅ አሰላለፍ) ቃኙ። በትዝታ ሜጀር ጀምሩ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አፑ የሚያሳየው የፊደል ስም ነው፤ እዚያ ላይ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ሆነው ታዩታላችሁ። የአፑ «ሲ» ማለት የእኛ «ዶ» ነው፤ ከዶ-ሬ-ሚው «ሲ» ጋር አታምታቱት። ባለ 6 አውታር ከሆነ ስድስተኛው የ«ዶ» ኦክታቭ (ስሙ ያው የሆነ ከፍ ያለ ድምፅ) ይሁን።
4. ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ቃኙ። ድምፁ ካለፈ በጣም ዝቅ አድርጉትና እንደገና ውጡ። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ አውታር ከጥቂት ምት በኋላ ይወርዳል።
5. አንዴ ከጨረሳችሁ ከመጀመሪያው ድገሙ። የኋለኛውን ስታጠብቁ የፊተኛው ይላላል። ብዙ ጊዜ 3 ዙር ይፈልጋል።
6. ክራሮቹን አብራችሁ ምቱ። ከአፑ ይልቅ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ይበልጣል።

ክራሩ ትልቅ ሆኖ ወይም አውታሩ አርጅቶ «ሲ» ላይ የማይደርስ ከሆነ አታስገድዱት፤ ይበጠሳል። ሁሉንም እኩል ዝቅ አድርጉ። ልዩነቱ ግን ይጠበቅ፦ ከዶ ወደ ሬ ሙሉ ድምፅ፣ ከሬ ወደ ሚ ሙሉ፣ ከሚ ወደ ሶል አንድ ተኩል፣ ከሶል ወደ ላ ሙሉ፣ ከላ ወደ ላይኛው ዶ አንድ ተኩል።

የአየሩን ነገር አትርሱ። የክራሩ ገበቴ ቆዳ ለብሷል፤ ቆዳ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲሞቅ ይወጠራል። በክረምት እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ በቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ክራር ጠዋት የተቃኘበት ላይ አይገኝም። ልጆች ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት በፊት መሣሪያውን ልምምዱ የሚካሄድበት ክፍል አስገቡት። አየሩን ይልመድ። ከዚያ የመጨረሻውን ማስተካከያ አድርጉ።

*ለ. ዋሽንት*

ገበያ ላይ ያገኛችሁትን 5 ዋሽንት ሰብስባችሁ አትግዙ። እያንዳንዱ ዋሽንት እንደ ርዝመቱና እንደ ቀዳዳው አበሳስ የራሱ ድምፅ አለው፤ ሲሠራ የተወሰነ ስለሆነ አይቃኝም። ዋሽንተኞች ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ከአንድ ሠሪ፣ በአንድ ልክ አሠሩ። የተቃኘ ክራር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስነፉት። ለንጽሕናም እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ይኑረው። ካልተቻለ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አፉን በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ።

*ሐ. ከበሮና ማሲንቆ*

ከበሮው ከደነዘዘ 20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ አኑሩት። እሳት አጠገብ የምታስጠጉት ከሆነ አጠገቡ ቁሙ፤ ቆዳው በድንገት ይሰነጠቃል። በአንድ አዳራሽ አንድ ከበሮ ይበቃል። ለሌሎቹ ባዶ ቢጫ ጄሪካን ስጧቸው፤ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል። ማሲንቆ ለጀማሪ ቡድን አልመክርም። የደጋኑን ጭራ ሙጫ መቀባትና አንዷን አውታር በትክክል መያዝ ብቻውን ወር ይፈጃል።

ደረጃ 4፦ ክፍሉን አሰናዱ

ወንበሮቹን በክብ አድርጉ። በረድፍ ካስቀመጣችሁ የኋላው ልጅ ተመልካች ይሆናል። ክራሮቹን ጥግ ላይ በነጠላ ወይም በጋቢ ሸፍኑ፤ ልጅ ገና ሲገባ ክራር ካየ ሌላ ነገር አይሰማም። ውኃ አዘጋጁ። መጸዳጃው ክፍት መሆኑን አይታችሁ አረጋግጡ። በተለይ ሴቶቹ ልጆች ሳይናገሩ ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው።

በሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻችሁን የተዘጋ ክፍል ውስጥ አትሁኑ። የጣት አያያዝ ለማስተካከል የልጁን እጅ ከመንካታችሁ በፊት «ልይዝልህ?» «ልይዝልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካመነታ በራሳችሁ እጅ አሳዩ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

ንግግር አታድርጉ። ራሳችሁን ለማስተዋወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መዝገብ መጥራቱን ለመጨረሻ አቆዩት።

1. የመጀመሪያዎቹ 3 ልጆች እንደገቡ በእግራችሁ መርገጥ ጀምሩ። ዘግይቶ የሚመጣው ወደሚሄድ ምት ይገባል። ማንም ማንንም አይጠብቅም።
2. ከ1 እስከ 6 ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ። ሁሉም ሰው 1 እና 4 ላይ በእግሩ ይርገጥ።
3. ክቡን ለሁለት ክፈሉ። የቀኙ ቡድን 1 እና 4 ላይ ያጨብጭብ።
4. የግራው ቡድን 1፣ 3 እና 5 ላይ ያጨብጭብ።
5. ሁለቱ ሲገጥሙ መቁጠሩን ተዉት። እግሩ ይቀጥል።

ይህ ችክችካ የምንለው ባለ 6 ምት ነው። ልጆቹ በሠርግ ላይ በትከሻቸው ያውቁታል፤ በእጃቸው ለይተውት ግን አያውቁም። ሁለቱ ጭብጨባ ሲገጥም ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ለማየት ብቻ ይህን ሥራ ብሠራው ደስ ይለኛል።

*ቢበላሽስ?* ሁለቱ ቡድኖች ከተደባለቁ ጭብጨባውን በሙሉ አስቁሙ፤ እግሩን ግን አታስቁሙ። ከዚያ ቀኙን ብቻ አስገቡ፤ ሲረጋ ግራውን። አሁንም ካልሆነ ግራውን ለ5 ልጆች ብቻ ስጡና እናንተ አብራችሁ ቁሙ።

*ቢፈጥኑስ?* ይፈጥናሉ። «ቀስ!» ብላችሁ አትጩኹ፤ ጩኸት ያፈጥናል። በ2 ጣት መዳፋችሁን እየመታችሁ ድምፁን ዝቅ አድርጉ። እናንተን ለመስማት ዝም ይላሉ፤ ዝም ሲሉ ምቱ ይረጋል።

ደረጃ 6፦ ድምፅ፤ እናንተ አውጡ፣ እነሱ ይቀበሉ

15 ደቂቃ ስጡት። ምቱ እግር ላይ ይቀጥል።

መነሻ ድምፁን ከክራሩ ውሰዱ። ከራሳችሁ ጉሮሮ አትነሱ። ጎልማሳ ወንድ ሲያወጣ ለራሱ የሚመቸውን ዝቅተኛ ድምፅ ይይዛል፤ የ11 ዓመት ልጅ እዚያ አይደርስም። ያኔ ያንጎራጉራል ወይም ይጮኻል፤ «ድምፅ የለኝም» ብሎም ይደመድማል። ስህተቱ የልጁ አይደለም።

በ2 ድምፅ ብቻ ጀምሩ፦ ሶል–ሚ፣ ሶል–ሚ። ቃል አያስፈልግም፤ «ናና» በሉ። ሲይዙት ላን ጨምሩ፣ ከዚያ ሬና ዶን። የድምፆቹን ስም የምትነግሯቸው ጆሯቸው ከያዘ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ማንንም ልጅ ለብቻው አስነስታችሁ አታዘፍኑ። እዚህ ልጅ የሚያድገው በይሉኝታ ነው፤ ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ ድምፁ ከተሰበረ ሁለተኛ አይመጣም። ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው «እኔ ላውጣ» ይላሉ።

ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ድምፃቸው በመለወጥ ላይ ነው። አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም ይወጣል። ሌላው ልጅ ሲስቅ ወዲያው አስቁሙ። ልጁን ከታች ባለው ኦክታቭ አስይዙት፤ ካቃተው ለጊዜው ከበሮውን ስጡት። ያልፋል።

አንድ ቅኝት ለ4 ሳምንት ያዙ። ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በአንድ ቀን ለማሳየት አትቸኩሉ። ከትዝታ ሜጀር በኋላ ቀላሉ መንገድ ትዝታ ማይነር ነው፦ «ሚ»ን እና «ላ»ን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ክራር ብቻ ቀይራችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ አስሟቸው። «ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ክራሩን እጃቸው ላይ አኑሩ

አሁን ሽፋኑን ግለጡ። 16 ልጅና 4 ክራር አላችሁ እንበል። በ4 ጣቢያ ክፈሏቸው፤ በየ8 ደቂቃው ይዙሩ።

- ጣቢያ 1፦ ክራር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ
- ጣቢያ 2፦ ከበሮና ጄሪካን
- ጣቢያ 3፦ ግጥም
- ጣቢያ 4፦ ዋሽንት፤ ዋሽንት ከሌለ እስክስታ

እናንተ ከክራሩ ጣቢያ አትነሱ። ዋናው አሰልጣኝ ይዙር። በሌሎቹ ጣቢያዎች አንድ ታላቅ ልጅ አለቃ ይሁን፤ በየሳምንቱም ይቀየር።

ክራር ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. አያያዝ። ከ1 ደቂቃ በላይ አትፍጁበት።
2. አውታሮቹን በሙሉ ክፍት እንደሆኑ 1 እና 4 ላይ ይምቱ። ትዝታ ስለተቃኘ ምንም ቢመቱ አይጎረብጥም። ልጁ በመጀመሪያው ቀን «ክራር መታሁ» ብሎ ቤቱ የሚገባው በዚህ ነው።
3. ድርድር። አንድ ጣት ለአንድ አውታር። በአፋቸው የያዙትን ሶል–ሚ በጣታቸው ይፈልጉት። አትንገሯቸው፤ ይፈልጉ።
4. ግርፍ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ። ግርፍ የማይፈለጉትን አውታሮች በግራ እጅ ጣቶች አፍኖ በቀኝ መምታት ነው። አምስቱንም ጣት በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይጠይቃል። ብዙ አሰልጣኝ በዚህ ይጀምራል፤ ብዙ ልጅም እዚሁ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

ጣታቸው ያማል። በተለይ የብረት አውታር ከሆነ በ8 ደቂቃ ውስጥ ይቀላል። ውኃ የቋጠረ ጣት ካያችሁ ልጁ ወደ ጄሪካኑ ይዛወር። «ቻለው» አትበሉ።

እስክስታ ካስገባችሁ በፊት አንገትና ትከሻ ይፍታታ። ትንሿ ልጅ ትልልቆቹን ለመምሰል አንገቷን በኃይል ስትወረውር ካያችሁ አስቁሙ፤ ከትከሻ እንዲጀመር አሳዩ።

ደረጃ 8፦ ግጥሙን ልጆቹ ይደርድሩ

ቅኔ ቤት በበዛበት አገር ልጅ ግጥም አይቸግረውም። የሚቸግረው ልክ ነው። ቀላሉ ልክ የወል ቤት ነው፦ በስንኝ 6 እና 6 ቀለም (ሲነገር አንድ ጊዜ የሚወጣ ድምፅ፤ «ላይ» አንድ ቀለም ነው)። በጣት እየቆጠሩ ይደርድሩ። እንዲህ ዓይነት ምሳሌ ስጧቸው፦

ጮቄ ላይ ዝናብ ነው፣ ሞልቷል ወንዙ ሁሉ፣
ልጆች ተሰብስበው ሲጫወቱ ዋሉ።

የመጀመሪያውን ስንኝ እናንተ ስጡ፤ ሁለተኛውን እነሱ ይሙሉ። ቤት መምታቱን አትጠይቁ፤ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ። ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ ዓባይ ይሁን። የሰው ስም እየጠራ የሚነካ ግጥም ከመጣ ስሙን አስቀይሩ። በአዊ በኩል ካላችሁ አገውኛ የሚናገሩ ልጆች በቋንቋቸው ይደርድሩ፤ ሌሎቹ ይቀበሉ። ያ ልጅ በዚያ ቀን አስተማሪ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ነገር ሲበላሽ

*ዋናው አሰልጣኝ ቀረ።* ደረጃ 5ን፣ 6ን እና 8ን ብቻ ሥሩ። ክራሩን አትግለጡ። ሁለት ቦታ መሆን ስለማትችሉ ክራሩም ልጁም ይጎዳል። በ1 ሰዓት ጨርሱ።

*አውታር ተበጠሰ።* ጨዋታው አይቁም። ክራሩን አውጡት፤ ልጁን ከጎረቤቱ ጋር አጣምሩት። ሲያልቅ ትቀይራላችሁ።

*አንድ ልጅ ሁሉንም ሸፈነ።* ብዙ ጊዜ ጎበዙ ልጅ ነው። አትቆጡት። «ከኋላ ሁለት ልጆች ምቱን አልያዙም፤ አንተ አስይዝልኝ» በሉት።

*ሴቶቹ ልጆች እየቀሩ ነው።* ይህንን ቸል አትበሉ። መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ፤ ውኃ የሚቀዳበት ወይም እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከዚያ መንገዱን ጠይቁ፤ የሚያስቸግራቸው ጎረምሳ ይኖራል። ከዚያ ውስጡን ተመልከቱ፤ ከበሮውን ሁልጊዜ ወንዶቹ ይይዙት ይሆናል። ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት በመቀየር ብቻ 5 ሴቶች ልጆች ሲመለሱ አይቻለሁ። በአንድ መንገድ የሚሄዱትን በቡድን ላኳቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ይግቡ።

*ታናሽ ወንድሟን አዝላ መጣች።* አትመልሷት። ሕፃኑን አብሮ የሚይዝ ሰው ፈልጉ፤ ካልተገኘ አዝላም ታጨበጭባለች። ጄሪካን አጠገብ ግን አታስቀምጧት፤ ለሕፃኑ ጆሮ ይጮኻል።

*የተቆጣ ወላጅ መጣ።* ምቱን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ከደጅ ተቀበሉት። ልጁን ሰው ፊት አታስጠሩ። «አባባ፣ ቁጭ ይበሉና 10 ደቂቃ ይዩ፤ ካልተስማማዎት ይዘውት ይሂዱ» በሉ። ይዞ ከሄደም በሳምንቱ ቤቱ ሂዱና ጠይቁ።

*ጠብ ተነሳ።* ሁለቱንም ከክቡ አውጡ። አንዱ አሰልጣኝ ከእነሱ ጋር በሩ ላይ ይቁም፤ ሌላው ምቱን ያስቀጥል። ክራርን በመንፈግ አትቅጡ።

ደረጃ 10፦ መዝጊያውና ማታ

የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ሁሉም ጣቢያ አንድ ላይ ይጫወት፤ ክራሩ፣ ጄሪካኑ፣ የዛሬው ግጥም። ጥሩ ባይሆንም ይሁን። ከዚያ መዝገብ ጥሩ። ልጆቹ ራሳቸው ክራሩን ጠርገው ይመልሱ። አውታሮቹን ጥቂት ብቻ አላሏቸው፤ ሙሉ በሙሉ ከላሉ በርኩማው (አውታሮቹን የሚደግፈው እንጨት) ይነቃነቃል፣ በሳምንቱም ሥራው ከአዲስ ይጀምራል።

የመጨረሻው ልጅ ከግቢ ሳይወጣ እናንተ አትውጡ።

ከዋናው አሰልጣኝ ጋር 10 ደቂቃ ቁሙ። «ምን ላሻሽል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚለውን ጻፉ፤ አትመልሱ። ማታ ደብተር ላይ እነዚህን መዝግቡ፦ ዛሬ ያልመጣው ማን ነው? ዛሬ አንድም ድምፅ ያላወጣው ማን ነው? የቱ ደረጃ ከታሰበው በላይ ጊዜ በላ? ለቀረው ልጅ ቤት እሑድ ደውሉ ወይም ሂዱ፤ ሁለት ሳምንት ከጠበቃችሁ ዘገያችሁ። ድምፅ ያላወጣውን ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእናንተ ቀኝ አስቀምጡት። የሚቀጥለውን ልምምድ የመጀመሪያ 5 ደቂቃም ሳትተኙ ጻፉት።